ውሃው ንጹሕ ነው፤ ታዲያ ኮራሎቹ ለምን ይሞታሉ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ከአምስት ወር በፊት 20 ጋሎን የባሕር ውሃ አኳሪየም ጀመርኩ። የዕቃ ክምር ስለማልወድ ያለበት 4 ኪሎ ደረቅ ድንጋይ፣ ስስ ነጭ አሸዋ፣ ሁለት ክላውንፊሽ፣ ጥቂት ቀንድ አውጣ፣ ከኮራል ደግሞ አንድ ማሽሩም፣ አንድ ዞአንቲድ፣ አንድ ሃመርና ሁለት አክሮፖራ ብቻ ነው። ውሃው እንዳይቆሽሽ በሳምንት ሁለቴ ሩቡን እቀይራለሁ። የቧንቧ ውሃ ላይ የክሎሪን ማጥፊያ ጨምሬ ጨው እበጠብጣለሁ፤ የፎስፌት ማስወገጃም አስገብቻለሁ። ስለካው ናይትሬትም ፎስፌትም ዜሮ ነው። ካለፈው ወር ጀምሮ ግን አሸዋውና ድንጋዩ ላይ አረፋ የቋጠረ ቡናማ ንፍጥ ወጣ። ጠዋት ቀለል ይላል፣ ማታ ላይ ይብሳል። ቀንድ አውጣዎቹ አለቁ፣ አንዱ አክሮፖራ ከሥሩ እየነጣ ሄደ፣ ሃመሩም መከፈት ተወ። ሱቅ ስጠይቅ ስኪመር ግዛ አሉኝ። የትኛውን ልግዛ?

ምላሽ፦ የትኛውንም አይግዙ። አኳሪየምዎ የጎደለው ዕቃ ሳይሆን ምግብ ነው። በደረቅ ድንጋይ ተጀምሮ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር፣ ናይትሬቱና ፎስፌቱ ተሟጦ የወጣ ገንዳ አረፋ በሚቋጥር ቡናማ ንፍጥ ሲሸፈን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዳይኖፍላጀሌት የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ረቂቅ ነፍስ ነው፤ ባጭሩ ዳይኖ ይባላል። ስኪመር የሚሠራው ቆሻሻው ሳይበሰብስ በአረፋ አንሥቶ ማውጣት ነው። ዜሮ ላይ ከቆመ ውሃ ምን እንዲያወጣ ነው የሚገዛው? ቢገጠም ችግሩን ያባብሰዋል።

የችግሩ ሥር «ንጹሕ ውሃ» የሚለውን «ባዶ ውሃ» ብሎ መረዳት ነው። በተፈጥሮ ሪፍ (በባሕር ውስጥ ባለ የኮራል ክምችት) ላይ ናይትሬትና ፎስፌት እጅግ ትንሽ መሆናቸው እውነት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም ከዚህ ተነሥቶ ነው። እዚያ ኮራሉ ማዕበሉ የሚያመጣለትን ፕላንክተን ሌት ተቀን ይለቅማል፣ በላዩም መንጋ ዓሣ ሲጸዳዳበት ይውላል። ቁጥሩ ያነሰው ምግብ ጠፍቶ ሳይሆን የመጣው ሁሉ ወዲያው ስለሚበላ ነው። እርስዎ ጋ ግን የሚመጣ ነገር የለም። ሁለት ትንንሽ ዓሦች የሚያወጡትን ጥቂት ነገር በሳምንት ሁለቴ ይቀዱታል፤ የቀረውን ደግሞ የፎስፌት ማስወገጃው ይመጠዋል።

ኮራል በሥጋው ውስጥ ረቂቅ አልጌዎችን ያኖራል። እነሱ ከብርሃን ስኳር ሠርተው ይመግቡታል፤ ይህን ለማድረግ ግን ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የግድ ያስፈልጋቸዋል። ሁለቱ ሲነጠቁ ኮራሉ ይገረጣል፣ ሥጋው ይሳሳል፣ እድገቱ ይቆማል። ንጥረ ምግብ ሲበዛ ወይም ብርሃን ሲያንስ በተቃራኒው አልጌዎቹ ይበዙና ኮራሉ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ስለዚህ ቡናማ ኮራል መልኩ ባያምርም ብዙውን ጊዜ በሕይወት የሚሰነብት ኮራል ነው፤ የገረጣው ነው የሚያሰጋው። በነገራችን ላይ በሻጮች ፎቶ ላይ የሚያዩት የሚያበራ ቀለም በአብዛኛው የሰማያዊ መብራትና የካሜራ ማጣሪያ ሥራ ነው፤ የራስዎን ገንዳ በዚያ አይመዝኑ።

ዳይኖ የሚያሸንፈው ሌሎቹ ሲራቡ ነው። ባክቴሪያው፣ ዳያተሙ፣ አረንጓዴው አልጌ ሁሉም ከውሃው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ይሻሙ ነበር፤ ሲያጡ ቦታውን ይለቃሉ። ብዙዎቹ የዳይኖ ዝርያዎች ግን ከብርሃን ምግብ ከመሥራት አልፈው ሌሎች ረቂቃንንም ይበላሉ፤ ስለዚህ ረሀቡን ይችሉታል። አንዳንዶቹ መርዝ ያመነጫሉ፤ ቀንድ አውጣዎችዎ ያለቁት ያንን ንፍጥ ሲግጡ ሳይሆን አይቀርም። ንፍጡ ዳይኖ መሆኑ እስኪለይ፣ ከተለየም እስኪጠፋ ድረስ ሌላ ቀንድ አውጣ ገዝተው አያስገቡ።

ከመጀመርዎ በፊት ግን በእርግጥ ዳይኖ መሆኑን ይለዩ። አዲስ ገንዳ አሸዋ ላይ እንደ ብናኝ የሚቀመጠው፣ በጣት ሲነካ የሚበተነውና ክር የማይሠራው ቡናማ ነገር ዳያተም ነው፤ የሚበላው ሲሊካ ሲያልቅ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። በቀይ ወይም በወይን ጠጅ ቀለም እንደ ጨርቅ ተነጥፎ፣ ሲነሣ በሉሕ በሉሕ የሚላጠው ሳያኖባክቴሪያ ነው። ዳይኖ እንደ ንፍጥ ይጎተታል፣ በክሮቹ ጫፍ አረፋ ይይዛል፣ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ይሳሳል። ቀላሉ ፈተና ይህ ነው፦ ትንሽ ንፍጥ ከገንዳው ውሃ ጋር በጠርሙስ ውስጥ አድርገው እስኪበታተን በኃይል ይነቅንቁት። በቡና ማጥለያ ወረቀት ያጥልሉትና የወረደውን ቡናማ ውሃ በብርጭቆ አድርገው ለአንድ ሰዓት ያህል መብራት ሥር ያቆዩት። ተመልሶ እርስ በርሱ እየተያያዘ ክር ከሠራ ዳይኖ ነው፤ ተበታትኖ ከቀረ ሌላ ነገር ነው።

ይህ ፈተና ዝርያውን አይነግርዎትም፤ ሕክምናው ደግሞ በዝርያው ይለያያል። 400 ጊዜ የሚያጎላ ርካሽ የተማሪ ማይክሮስኮፕ በቂ ነው። አንድ ጫፉ ሾጠጥ ያለ የውሃ ጠብታ የመሰለ፣ በሾጣጣው ጫፍ ተጣብቆ ባለበት የሚሽከረከር ካዩ ኦስትሪዮፕሲስ ነው። ሞላላ ሆኖ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ አፍንጫ የመሰለ ነገር ኖሮት፣ በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ፈጠን እያለ የሚንሸራተተው አምፊዲኒየም ነው። ሱቅ ውስጥ ላለ ማንኛውም የዳይኖ መድኃኒት ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይህን ያጣሩ።

አሁን ወደ መለኪያዎ እንምጣ። በቀለም ካርድ የሚነበብ ርካሽ የፎስፌት መለኪያ 0 እና 0.05 ፒፒኤምን (በሚሊዮን የሚለካ መጠን) መለየት አይችልም፤ ለኮራል ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሞትና የሕይወት ነው። በእጅ የሚያዘውን የሃና ዲጂታል መለኪያ ይግዙ። አንዱ ሞዴል የሚያሳየው ፎስፌትን ሳይሆን ፎስፎረስን በፒፒቢ (በቢሊዮን) ነው፤ ያኔ ቁጥሩን በ3.066 አባዝተው ለ1000 ያካፍሉ። ለምሳሌ 16 ካሳየ ፎስፌቱ 0.05 ፒፒኤም አካባቢ ነው። ብልቃጡን ከመክተትዎ በፊት ከውጭ በኩል በንጹሕ ጨርቅ ይወልውሉት፤ የጣት አሻራ ብቻውን ንባቡን ያዛባል።

የቧንቧ ውሃውን ደግሞ ዛሬውኑ ያቁሙ። በእርስዎ አካባቢ ውሃው የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ ክሎሪንና አሞኒያ ተጣምረው ማለት ነው። በየጸደዩ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ወደ ነጻ ክሎሪን ይቀየራል። የክሎሪን ማጥፊያው ጥምረቱን ይሰብረዋል፤ የተፈታው አሞኒያ ግን ውሃው ውስጥ ይቀራል። ቧንቧ እንዳይበላም ኦርቶፎስፌት ይጨመርበታል። ሲሊካ አለበት፤ የቤቱ ቧንቧ መዳብ ከሆነ መዳብም ይኖርበታል፣ መዳብ ደግሞ ለቀንድ አውጣና ለኮራል በጥቂቱም መርዝ ነው። «ታዲያ ፎስፌት እየገባ እንዴት ዜሮ ይለካል?» ይሉ ይሆናል። የገባውን ማስወገጃው፣ ድንጋዩና ንፍጡ ወዲያው ይወስዱታል፤ መለኪያው የሚያሳየው ከተረፈ የተረፈውን ብቻ ነው።

ሁለት መንገድ አለዎት። አንደኛው አርኦ ዲአይ የሚባለው፣ ውሃው ውስጥ የሟሟውን የሚያስቀር ማጣሪያ ነው፤ ለክሎራሚን ሁለት የካርቦን ማጣሪያ ወይም ካታሊቲክ ካርቦን ያለውን ይምረጡ፣ ተራ ካርቦን ክሎራሚንን ቶሎ አይሰብረውምና። ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ በቲዲኤስ (የሟሙ ነገሮች) መለኪያ 0 ማሳየት አለበት፤ 1 ወይም 2 ማለት ሲጀምር የማጣሪያው ሙጫ (ሬዚን) አልቋል ማለት ነው፣ ይቀይሩት። ሁለተኛው ከሱፐርማርኬት የተጣራ፣ ማለትም ዲስቲልድ ውሃ መግዛት ነው። የእርስዎ ገንዳ በሳምንት ለትነት ማካካሻና ለመቀየሪያ ከ4 እስከ 5 ጋሎን ብቻ ስለሚፈልግ ይህም ያስኬዳል። ዕቃ ለማብዛት ላልፈለገ ሰው መጥፎ ምርጫ አይደለም። «ስፕሪንግ» ወይም «የመጠጥ ውሃ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን አይውሰዱ፤ ማዕድን አለው።

የአክሮፖራው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ምክንያቱ ሁለት ይመስለኛል። ለሪፍ ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ጨዎች ሲበጠበጡ አልካሊኒቲያቸው (አሲድን የመቋቋም አቅማቸው) በዲኬኤች መለኪያ 11 ወይም 12 ይደርሳል። ገንዳው 8 ላይ ቆሞ ሩቡን በ12 ሲቀይሩ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ 9 ይዘላል፤ ከዚያ እየወረደ ሄዶ ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ይዘላል። አክሮፖራ ከፍ ያለ ቁጥርም ዝቅ ያለ ቁጥርም ሊለምድ ይችላል፤ መዋዠቁን ግን አይችልም። ከፍተኛ አልካሊኒቲ ከዜሮ ንጥረ ምግብ ጋር ሲገናኝ ደግሞ አጥንቱ ሊያድግ ይጣደፋል፣ ሥጋው አይከተለውም፤ ጫፉ የተቃጠለ ይመስላል፣ ወይም እንደ እርስዎ ከሥሩ ይላጣል። ሲበጠበጥ 8 ዲኬኤች አካባቢ ወደሚሰጥ ጨው ይቀይሩ። ቁጥሩ ከባልዲው ጎን ተጽፏል፤ ቢሆንም አንዴ ራስዎ ይለኩት።

ሕክምናው በቅደም ተከተል እንዲህ ነው። የፎስፌት ማስወገጃውን ያውጡ። የመጨረሻ አንድ የውሃ ቅየራ 20 በመቶ በተጣራ ውሃ ያድርጉ፤ ከዚያ ንፍጡ እስኪለቅ ድረስ፣ ምናልባት ለአንድ ወር ያህል፣ ቅየራውን ይተዉት። ንፍጡን በየሁለት ቀኑ በቀጭን ጎማ ይሳቡት፤ ጎማውን 10 ማይክሮን በሆነ የማጣሪያ ከረጢት ውስጥ ያፍስሱትና የተጣራውን ውሃ ወደ ገንዳው ይመልሱ። ንፍጡ ይወጣል፣ ውሃው አይቀንስም። ከረጢቱን በሙቅ ውሃ አጥበው ሳያደርቁ እንደገና አይጠቀሙበት። መርዙን እንዲይዝ 50 ግራም ያህል አክቲቬትድ ካርቦን ከገንዳው ኋላ ባለው የማጣሪያ ክፍል ያስቀምጡና በየሳምንቱ ይቀይሩት።

ቀጥሎ ይመግቡ። ለሁለቱ ዓሦች በቀን ሁለቴ፣ በአንድ ሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ማይሲስ የሚባል የቀዘቀዘ ትንንሽ ሽሪምፕ መሰል ምግብ ይስጡ። ይህ ብቻውን ይዘገያል፤ ስለዚህ ናይትሬትና ፎስፌቱን በቀጥታ ይጨምሩ። ድንጋይና አሸዋው ሲቀነስ ገንዳዎ የሚይዘው 65 ሊትር ያህል ውሃ ነው። ንጽሕናው ለምግብ ወይም ለአኳሪየም የሚሆን 9 ግራም ሶዲየም ናይትሬት በ500 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ያሟሙ፤ ከዚህ 5 ሚሊ ሊትር የገንዳውን ናይትሬት 1 ፒፒኤም ገደማ ከፍ ያደርገዋል። በቀን ከ2 ፒፒኤም ሳይበልጡ እየለኩ 5 እስከ 10 ያድርሱት። ለፎስፌቱ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ይግዙ፤ የቤት ስሌት አንድ ዜሮ ቢሳሳት ጉዳቱ ከባድ ነው። በቀን 0.02 ወይም 0.03 ፒፒኤም እየጨመሩ ከ0.05 እስከ 0.1 መካከል እንዲቆም ያድርጉ። መጀመሪያ ላይ ማታ የጨመሩት ጠዋት ዜሮ ሆኖ ሲያገኙት አይደንግጡ፤ የተራበው ድንጋይ ፎስፌቱን እየመጠጠ ነው። ድንጋዩ ሲጠግብ ቁጥሩ መቆም ይጀምራል፤ ያኔ ወዲያው መጠኑን ይቀንሱ።

ዝርያው ኦስትሪዮፕሲስ ከሆነ ሌሊት ከድንጋዩ ተነሥቶ ውሃው ውስጥ ስለሚንሳፈፍ የአልትራቫዮሌት መብራት ይገድለዋል። ለእርስዎ ገንዳ 7 ዋት ያህል የሆነ፣ ውሃው በዝግታ የሚያልፍበት ትንሽ ዕቃ ተውሰው ወይም ገዝተው ለአንድ ወር ያንጠልጥሉ፤ ሥራው ሲያልቅ ያውጡት። አምፊዲኒየም ከአሸዋው ስለማይወጣ መብራቱ አይነካውም። ለእሱ የሚሻለው ዳያተሙ ተመልሶ ቦታውን እንዲሻማ በልክ የተዘጋጀ ሲሊኬት መጨመር ነው፤ ሥራው አዝጋሚ ነው፣ ሁለት ወርም ሊፈጅ ይችላል። መብራት ለሦስት ቀን ማጥፋት ንፍጡን ለጊዜው ያሳሳዋል፤ ንጥረ ምግቡ ካልተስተካከለ ግን በሳምንቱ ይመለሳል። ለሳያኖባክቴሪያ የሚሸጡ አንቲባዮቲኮች ዳይኖን አይገድሉም። ቮድካ፣ ኮምጣጤና ተመሳሳይ የካርቦን ምንጮች ናይትሬትና ፎስፌትን ለማውረድ የተፈጠሩ ስለሆኑ ለእርስዎ የተከለከሉ ናቸው።

መስተዋቱ አረንጓዴ መሸፈን ሲጀምር ደስ ይበልዎ፤ ተፎካካሪው ተመልሷል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ደንግጦ የፎስፌት ማስወገጃውን መልሶ የሚያስገባ ሰው ብዙ ነው፤ ድካሙ ሁሉ ከንቱ የሚሆነው እዚያ ላይ ነው። አረንጓዴውን በመስተዋት ማጽጃ ማግኔት ይጥረጉት፣ ሌላ ምንም አያድርጉ።

ሌላው ስሕተት ገንዳው ያለ እርሾ መጀመሩ ነው። ደረቅ ድንጋይ ንጹሕ ነው፣ ቅርጹ እንደፈለጉ ይሠራል፣ ያልተፈለገ ነፍሳት አያመጣም፤ ሊጥ ያለ እርሾ ቢቦካም እንደሚዘገይና እንደሚበላሽ ሁሉ ግን ከጠርሙስ የተጨመረ ባክቴሪያ ብቻውን ገንዳውን አያቋቁመውም። አሞኒያን የሚያፈርሱት ባክቴሪያዎች በሳምንታት ውስጥ ይሰፍራሉ፤ ዳይኖን ቦታ የሚያሳጣው ግን ሌላው ሕዝብ ነው፦ ትሎቹ፣ ኮፔፖድ የሚባሉት ደቃቅ ነፍሳት፣ ስፖንጁ፣ ሐምራዊው ኮራሊን አልጌ። ከ500 ግራም እስከ 1 ኪሎ እውነተኛ ሕያው ድንጋይ ይጨምሩ። በፍሎሪዳ ፈቃድ ባላቸው የባሕር እርሻዎች የሚመረተው ጥሩ ነው፤ ከታመነ ሰው የቆየ ገንዳ የሚወሰድም ይሆናል። ማሞቂያና ፓምፕ ባለበት ባልዲ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያቆዩትና ሌሊት በቀይ መብራት ይፈትሹት። አይፕቴዢያ የሚባለው ቡናማ ትንሽ አኒሞን ወይም ማንቲስ ሽሪምፕ ካለ በባልዲው ውስጥ ማስወገድ ይቀላል፤ ገንዳ ውስጥ ከገባ የወራት ራስ ምታት ነው።

ዕቃ አለማብዛትዎ ትክክል ነው፤ በዚህ አልከራከርዎም። 4 ኪሎ ድንጋይ ሁለት ክላውንፊሽ የሚያወጡትን አሞኒያ ይችላል። ድንጋዩ ከመስተዋቱ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ከራቀ ማግኔቱ ዙሪያውን ይደርሳል፣ ውሃውም ሳይታገድ ይዞራል፣ ቆሻሻ የሚከማችበት ጥግ አይኖርም። ግን ያነሰ ዕቃ ያነሰ ሥራ ማለት አይደለም። 65 ሊትር ላይ የሚሠራ ስሕተት 600 ሊትር ላይ ከሚሠራው አሥር እጥፍ ይጎዳል። የሞተ ቀንድ አውጣ አንድ ሌሊት ካደረ አሞኒያው ይታወቃል። ከ65ቱ ሦስት ሊትር ቢተን ጨዋማነቱ ከ35 ወደ 36.7 ይወጣል።

ስለዚህ የማይቀሩት ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፦ ማሞቂያ ከነውጫዊ መቆጣጠሪያው፣ የትነት ማካካሻ፣ አንድ የሞገድ ፓምፕ፣ መብራት ከነሰዓቱ፣ ሪፍራክቶሜትር (የጨዋማነት መለኪያ)። የማሞቂያ ቴርሞስታት ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ተለኩሶ ይቀራል፤ ትንሽ ገንዳ በአንድ ሌሊት የሚቀቀለውም በዚህ ነው። ከ75 እስከ 100 ዋት ማሞቂያ ይበቃል። የውጭውን መቆጣጠሪያ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የማሞቂያውን የራሱን 27 ላይ ያድርጉ፤ አንዱ ሲከዳ ሌላው ይይዛል። ማካካሻው የሚጨምረው ጨው የሌለውን የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፣ ጨው አይተንምና። በፕላስቲክ ቀስት የሚለካው ሃይድሮሜትር አረፋ ሲይዝ ያሳስታል፤ ሪፍራክቶሜትሩንም በተጣራ ውሃ ሳይሆን በ35 ፒፒቲ (በሺህ 35 ጨዋማነት ባለው) መለኪያ ፈሳሽ ያስተካክሉት። የሞገድ ፓምፑ በሰዓት ከ1500 እስከ 2000 ሊትር ይግፋ፤ የሃመሩ እጆች ቀስ ብለው መወዛወዝ እንጂ ወደ አንድ ወገን መታጠፍ የለባቸውም።

ሃመርና መሰሎቹ ሌሊት ጠራጊ እጆች ያወጣሉ፤ ከጎረቤት ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ያርቋቸው። ሃመርና ፍሮግስፖን የሚባለው ዘመዱ እርስ በርስ ይቻቻላሉ፣ ቶርች የሚባለው ኮራል ግን ሁለቱንም ያቃጥላል። ዜኒያና ግሪን ስታር ፖሊፕ የሚባሉት ለስላሳ ኮራሎች ዋናውን ድንጋይ ከያዙ አይለቁም፤ ከፈለጓቸው ለብቻው በአሸዋ ላይ በተቀመጠ ድንጋይ ብቻ ይሁን። መብራቱ ለማሽሩም ከ50 እስከ 80፣ ለሃመርና ለዞአንቲድ ከ80 እስከ 150 ፓር (ለፎቶሲንተሲስ የሚውል ብርሃን መለኪያ) ይበቃቸዋል፤ በቀን 9 ሰዓት። የስልክ መተግበሪያ ለዚህ አይታመንም። የፓር መለኪያ የሚያከራይ ሱቅ ካገኙ ለአንድ ቀን ይከራዩ፤ የመብራቱን ኃይል አንዴ ካስተካከሉ በኋላ አያስፈልግዎትም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ በጥብቅ ይያዙ። ዞአንቲድና ዘመዱ ፓሊቶአ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ፤ ኦስትሪዮፕሲስም የዚያ ዘመድ የሆነ መርዝ አለው። ድንጋዩን ለማጽዳት ብለው በፍጹም አይቀቅሉት፣ የፈላ ውሃም አያፍስሱበት፤ በእንፋሎቱ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ። ሲነኩት ጓንትና የዓይን መነጽር ያድርጉ፣ ንፍጡን የሚስቡበትን ጎማ በአፍዎ አይሳቡ። ሌላው ኤሌክትሪክ ነው። ማከፋፈያውን ከገንዳው በታች መሬት ላይ አይጣሉት። እያንዳንዱ ገመድ ወደ ሶኬት ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ ውሃው እንዲንጠባጠብ ያድርጉ፣ ሶኬቱም ከመሬት ጋር ንክኪ ሲፈጠር ራሱን የሚያጠፋው ዓይነት ይሁን።

ንፍጡ ከጠፋ በኋላ ሥራው ቀላል ነው። በሳምንት አንዴ 7 ሊትር ብቻ ይቀይሩ፤ ለዚያ 260 ግራም ያህል ጨው ይበቃል። ጨዉን ወደ ውሃው ይጨምሩ፣ ውሃውን ወደ ጨው አያፍስሱ፤ አለዚያ ካልሲየሙ ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል። በትንሽ ፓምፕ አዋህደው ሙቀቱና ጨዋማነቱ ከገንዳው ጋር ሲመሳሰል ይቀይሩ። አልካሊኒቲን በየሳምንቱ፣ ናይትሬትና ፎስፌትን በየሁለት ሳምንቱ ይለኩ። አልካሊኒቲ ከ7.5 ከወረደ 2 ግራም ያህል ተራ ቤኪንግ ሶዳ በተጣራ ውሃ ተሟምቶ ለ65 ሊትር 1 ዲኬኤች ይጨምራል፤ በቀን ከዚያ አይለፉ። ካልሲየም ከ400 እስከ 450፣ ማግኒዚየም 1300 አካባቢ ከሆነ አይንኳቸው። ክረምት ላይ ቤቱ ተዘግቶ ፒኤች 7.8 ቢያሳይ በቤቱ አየር ውስጥ ባለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ መስኮት ይክፈቱ፣ የፒኤች ማሳደጊያ ዱቄት አይግዙ።

ለገና ወይም ለጥምቀት አገር ቤት የሚሄዱ ከሆነ ገንዳውን የሚጥለው ረሀብ ሳይሆን ትነት ነው። በቀን 1 ሊትር ከተነነ ለሦስት ሳምንት 21 ሊትር የሚይዝ የማካካሻ ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል። ክፍል ማሞቂያ ሲበራ ትነቱ ስለሚጨምር ከመሄድዎ በፊት አንድ ሳምንት ይለኩት። ምግቡን በጠባብ መጠን በሚጥል አውቶማቲክ መጋቢ ይስጡ። ቤቱን ለሚጠብቅልዎ ሰው ደግሞ የምግብ ጣሳውን ይደብቁበት፤ «ራበው መሰለኝ» ብሎ ጣሳውን የሚገለብጥ ደግ ሰው አይጠፋም።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ ማስወገጃውን ያውጡ፣ ወደ ተጣራ ውሃ ይለፉ፣ ናይትሬትን 5 ፎስፌትን 0.05 ላይ ያቁሙ፣ ሕያው ድንጋይ ያስገቡ፣ ለስድስት ሳምንት ሌላ ምንም አይለውጡ። የተረፈውን አክሮፖራ ሥጋው ገና ሳይላጥ ከነጣው ቦታ ከፍ አድርገው ቆርጠው፣ የቆየ ገንዳ ላለው ሰው ይስጡት። ይህ ገንዳ ለእሱ ገና ነው፤ ከአንድ ዓመት በኋላም በየቀኑ አልካሊኒቲ ለመሙላት ካልተዘጋጁ አይመልሱት። ሃመሩ ሥጋው ከአጥንቱ እስካልተላቀቀ ድረስ ተስፋ አለው፤ ቦታውን አይቀያይሩበት። ወደፊት ሦስተኛ ዓሣ ካስገቡና በመደበኛ ቅየራ ናይትሬት ከ20 አልወርድ ካለ፣ የስኪመሩን ጥያቄ ያኔ ያንሡት።